ጌሙን ማን ያቆመዋል? ኮምፒውተርና ስልክ ተጫዋችን የሚይዙባቸው ሁለት መንገዶች

የ12ኛ ክፍል ውጤት ይፋ በሆነ ቁጥር ሐዋሳ ላይ አንድ ክርክር አብሮ ይነሳል። ቡና ላይም ሆነ ባጃጅ ውስጥ "ልጆቹን የጨረሳቸው ጌም ነው" ይባላል። ወላጅ ይህን የሚለው ከመሬት ተነስቶ አይደለም፤ ልጁ ስልክ ላይ አቀርቅሮ ሲያመሽ እያየ ነው። ነገር ግን ክሱ የማይመሳሰሉ ሰዎችን በአንድ ላይ ይወነጅላል። ዶርሙ ውስጥ ከጓደኛው ጋር በላፕቶፕ ኳስ የሚጫወት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አለ። ፒያሳ አካባቢ ፕሌይስቴሽን ቤት ተራ የሚጠብቅ ታዳጊ አለ። አቶቴ ብርድ ልብሱ ውስጥ ሆኖ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ፍሪ ፋየር የሚባለውን የተኩስ ጌም የሚጫወት የ10ኛ ክፍል ተማሪ አለ። ከሥራ ስትመለስ ሰርቪስ ውስጥ ከረሜላ የምታዛምድ የኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኛም አለች። ሁሉም "ጌም ላይ ናቸው" ይባላል፤ ጨዋታው የያዛቸው ግን በተለያየ መንገድ ስለሆነ መፍትሔውም አንድ ሊሆን አይችልም።

ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚዞረው በሰዓት ላይ ነው፤ ልጁ ስንት ሰዓት ተጫወተ? ነገሩን ይበልጥ ቁልጭ አድርጎ የሚያሳየው ግን ሌላ ጥያቄ ነው፤ ጨዋታውን ማን ያስጀምረዋል፣ ማንስ ያቆመዋል?

መጀመሪያ ቁማሩን እንለይ

ስልክ ላይ የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ ጌም ስለሚባል ትልቅ መደበላለቅ ተፈጥሯል። በውርርድ ድረ ገጾች ላይ የሚገኘው አቪዬተር ጥሩ ማሳያ ነው። አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ትነሳለች፤ ከፍ ባለች መጠን የተወራረደው ገንዘብ የሚባዛበት ቁጥር ያድጋል፤ ተጫዋቹ አውሮፕላኗ ከመጥፋቷ በፊት ገንዘቡን ማውጣት አለበት። ሲያዩት ጣቱ የፈጠነ የሚያሸንፍ ይመስላል። አውሮፕላኗ የት ላይ እንደምትጠፋ የሚወሰነው ግን በዘፈቀደ በሚወጣ ቁጥር ነው፤ ልምድም ሆነ ችሎታ አይለውጠውም። በጨዋታው ስሌት መሠረት ከተወራረደው 100 ብር በአማካይ 97ቱ ለተጫዋቾች ይመለሳል፣ 3ቱ ለአጫዋቹ ድርጅት ይቀራል። ሦስት ብር ትንሽ ትመስላለች። ነገር ግን አንድ ዙር ብዙ ጊዜ ደቂቃ እንኳ ስለማይሞላ ያው ገንዘብ በአንድ ምሽት ደጋግሞ ይወራረዳል፤ በየዙሩም ከላዩ ይሸረፋል።

ይህ ቁማር ነው፤ መታየት ያለበትም በቁማር ሕግና ቁጥጥር ነው። ከዚህ በታች ጌም ሲባል አቪዬተርንና መሰሎቹን አይጨምርም፤ ምንም እንኳ አንዳንድ ጌሞች ከቁማር የተዋሷቸው ነገሮች ቢኖሩም።

ተሳትፎ በምን ይለካል?

ጌም ሠሪዎች ኢንጌጅመንት የሚሉት ተጫዋቹ ከጨዋታው ጋር ያለውን የቁርኝት መጠን ነው። ይህን የሚለኩት በአንድ ቁጥር ብቻ አይደለም። ጨዋታው ተከፍቶ እስኪዘጋ ያለው ጊዜ ሴሽን ይባላል፤ እሱን ይቆጥራሉ። ሪቴንሽን የሚባለው ደግሞ ዛሬ ጨዋታውን ካወረዱት 100 ሰዎች መካከል በማግስቱ፣ በ7ኛው ቀንና በ30ኛው ቀን ስንቶቹ ተመልሰው ይከፍቱታል የሚለው ነው። በወር ውስጥ ከሚጫወቱት ሰዎች ስንቶቹ በየቀኑ ይመጣሉ የሚለውንም ያሰላሉ። በስልክ ጌም ዓለም ውስጥ አንድ ጨዋታ ይቀጥል ወይስ ይዘጋ የሚለው በአብዛኛው የሚወሰነው በእነዚህ በመመለስ ቁጥሮች ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንዱ ወጣት ቅዳሜና እሑድ በላፕቶፕ 3፣ 3 ሰዓት ይጫወታል፤ በሳምንት 6 ሰዓት መሆኑ ነው። ሌላው በስልኩ በቀን 12 ጊዜ እየከፈተ በአማካይ 5 ደቂቃ ይጫወታል፤ በሳምንት 7 ሰዓት ይሆናል። በሰዓት ሲለካ እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። የመጀመሪያው ግን ጨዋታውን የጀመረው በሳምንት 2 ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለተኛው 84 ጊዜ ጀምሯል። 84 ጊዜ ከሆነ ነገር ተነጥቋል፤ ከደብተሩ፣ ከምግቡ፣ ከእንቅልፉ፣ ከእናቱ ጋር ከጀመረው ወሬ። ሰዓት ብቻ የሚቆጥር ወላጅ ወይም መምህር ይህን ልዩነት ጨርሶ አያየውም።

ተቀምጠው የሚጫወቱት

የኮምፒውተር ጌም በባሕሪው ወንበር ይፈልጋል። ኪቦርድና ማውስ ሁለት እጅ ይይዛሉ፤ ስክሪኑ ሙሉ ትኩረት ይጠይቃል፤ ባጃጅ ላይ ወይም ወረፋ ላይ ሆኖ መጫወት አይቻልም። ጨዋታዎቹም የተሠሩት ረዘም ላለ ጊዜ ነው። ዶታ 2 ላይ አንድ ግጥሚያ ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 50 ደቂቃ ይወስዳል። ካውንተር ስትራይክ 2 ላይ ቀድሞ 13 ዙር ያሸነፈ ቡድን ግጥሚያውን ይወስዳል። መሀል ላይ ጥሎ መውጣት ቅጣት አለው፤ ተጫዋቹ ለተወሰነ ጊዜ ሌላ ግጥሚያ እንዳይገባ ይታገዳል። ስለዚህ ሰውየው ከመቀመጡ በፊት "አሁን አንድ ሰዓት አለኝ ወይ?" ብሎ ማሰብ አለበት። ሲጨርስም ማለቁ ይታወቃል፤ ውጤቱ ይወጣል፣ ቡድኑ ይበተናል።

በዚህ ዓይነት ጨዋታ ውስጥ ሰውን የሚይዘው ነገር በአብዛኛው ሃንጋሪያዊ አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሚሃይ ቺክሰንትሚሃይ "ፍሰት" ብሎ የሰየመው ሁኔታ ነው። የፈተናው ክብደትና የሰውየው ችሎታ ሲመጣጠኑ ሐሳብ ይሰበሰባል፣ ጊዜ መሄዱ አይታወቅም። እዚህ ላይ አደጋው ግልጽ ነው፤ ጊዜ መሄዱ ካልታወቀ ሌሊቱም ሊነጋ ይችላል። የኮምፒውተር ጌም ከስልኩ የተሻለ ጤናማ ነው ማለት እንዳልሆነ ልብ ይሏል። ሲይዝ ጠልቆ ይይዛል፤ ከመነሻው ለመጀመር ግን ውሳኔ ይጠይቃል።

የሐዋሳ ፕሌይስቴሽን ቤቶች በዚህ ረገድ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚመደቡ ናቸው። ማሽኑ ኮንሶል፣ ማለትም ከቴሌቪዥን ጋር የሚገናኝ የጌም መጫወቻ እንጂ ኮምፒውተር አይደለም፤ የአጨዋወቱ ሥርዓት ግን ይመሳሰላል፣ እንዲያውም ከዚያ የጠነከረ ማቆሚያ አለው። ጠባብ ክፍል፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉ ሁለት ሦስት ቴሌቪዥኖች፣ ወንበር ላይ ሁለት ተጫዋቾች፣ ከኋላቸው ቆመው ተራ የሚጠብቁና የሚያሾፉ አራት አምስት ልጆች። ሒሳብ በግጥሚያ ነው፤ የተሸነፈ ይከፍላል፣ ይነሳል፣ ተረኛ ይቀመጣል። ይህ ደንብ ማንም በጥናት አስቦ ያወጣው አይደለም። ሥራው ግን ትልቅ ነው፤ እያንዳንዱ ሽንፈት ከኪስ ገንዘብ ያወጣል፣ ከወንበር ያስነሳል፣ በጓደኛ ፊት ይታያል። ገንዘቡ ሲያልቅ ጨዋታውም ያልቃል። ባለቤቱ ማታ በሩን ይዘጋል። ከሰፈር የሚያልፍ አጎት ገብቶ ልጁን ጆሮውን ይዞ ሊያወጣው ይችላል።

ወደ ተጫዋቹ የሚመጣው

የስልክ ጌም ቀጠሮ አይጠብቅም። ስልኩ ጠዋት ሲበራ መልእክት አለ፤ "የዛሬ ስጦታህን አልወሰድክም"። ሲከፈት የሰባት ቀን ሰንጠረዥ ይወጣል፤ አምስቱ ቀን ተሞልቷል፣ አንድ ቀን ከዘለለ ከመጀመሪያው ይጀምራል። ስጦታው ተነክቶ ሲዘጋ ከሥሩ ሌላ መስኮት አለ፤ ለጨዋታው ገጸ ባሕርይ የሚገዛ ልብስ በቅናሽ፣ ከጎኑ ወደ ኋላ የሚቆጥር ሰዓት፣ 23 ሰዓት ከ59 ደቂቃ። እሱም ሲዘጋ በስክሪኑ ጠርዝ ላይ አራት ቀይ ነጠብጣቦች ይታያሉ፤ እያንዳንዳቸው "እዚህም ያላየኸው አለ" ይላሉ። ልጁ ገና አንድ ጥይት አልተኮሰም።

ይህ ሁሉ የተሠራው ሪቴንሽን ለሚባለው ቁጥር ነው። ከረሜላ የሚዛመድበት ካንዲ ክራሽ ለተጫዋቹ 5 ሕይወት ይሰጣል፤ አንዷ ስትጠፋ ለመመለስ 30 ደቂቃ ትፈጃለች። እንዲህ ያለው ገደብ ላይ ላዩን ሲያዩት ሰውየውን የሚያሳርፍ ይመስላል። የሚሠራው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ጨዋታው ሳይሰለች ያቋርጠዋል፣ ከዚያ መመለሻ ሰዓት ይቀጥርለታል። ሰው ሳይጠግብ ከማዕድ ቢነሳ ምግቡን ሲያስብ እንደሚውል ሁሉ፣ ተጫዋቹም ሳይጨርስ የተነሳበትን ደረጃ ይዞ ይዞራል። ክላሽ ኦፍ ክላንስም ሕንፃ ለመሥራት ሰዓታት፣ ከፍ ሲል ቀናት እንዲጠበቅ በማድረግ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል።

ግጥሚያዎቹም አጥረዋል። ፐብጂ 100 ሰው የሚገባበትና እስከ ግማሽ ሰዓት የሚፈጅ የተኩስ ጨዋታ ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው ፍሪ ፋየር የተጫዋቹን ቁጥር ወደ 50፣ ጊዜውን ወደ 10 ደቂቃ ገደማ አውርዶ ደካማ ስልክ ላይ እንዲሠራ ተደርጎ መጣ። አሥር ደቂቃ ከሆነ "አንዴ ብቻ" ማለት ቀላል ነው፤ ተከታዩን "አንዴ ብቻ" ማለትም እንዲሁ። የስልክ ፐብጂ ደግሞ ጀማሪዎችን የሚያጋጥማቸው በአብዛኛው ቦት ከሚባሉ፣ በኮምፒውተር ከሚንቀሳቀሱና በቀላሉ ከሚሞቱ ተጫዋቾች ጋር ነው። አዲሱ ልጅ በመጀመሪያ ቀኑ ያሸንፋል፤ ችሎታ ያለው ይመስለዋል፤ በማግስቱ ይመለሳል።

ከዚህ ሁሉ ላይ የሚታከለው የማይታወቅ ሽልማት ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ቢ. ኤፍ. ስኪነር በርግብና በአይጥ ላይ ባደረጋቸው ሙከራዎች እንዳሳየው፣ እንስሳው ምግቡ በየስንተኛው ንክኪ እንደሚወርድ ሳያውቅ ሲቀር ይበልጥ ሳያቋርጥ ይነካካል፤ ምግቡ ከቆመ በኋላም ለማቆም ረጅም ጊዜ ይወስድበታል። ይዘቱ ሳይታወቅ የሚከፈተው የጌም ሣጥን፣ ሉት ቦክስ የሚባለው፣ የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል?

ከጌም የሚገኘው የዓለም ገቢ ግማሽ ያህሉ ከስልክ ነው። አብዛኞቹ የስልክ ጌሞች በነፃ ይወርዳሉ፤ ገንዘብ የሚያወጡት ከመቶ ተጫዋቾች ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው። ታዲያ የማይከፍለው ልጅ ለኩባንያው ምኑ ነው? ማስታወቂያ ያያል፤ ዋናው ደግሞ ለሚከፍሉት ሰዎች ተጋጣሚና ተመልካች ይሆናል። ሜዳው ባዶ ከሆነ ውድ ልብስ ገዝቶ የሚለብስ አይኖርም። ስለዚህ የማይከፍለውም ቢሆን በየቀኑ መምጣቱ ዋጋ አለው።

በአንጻሩ የኮምፒውተር ጌም የቆየው ልማድ አንዴ መሸጥ ነበር። ስቲም የተባለው የኮምፒውተር ጌም መሸጫ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ2 ሰዓት በታች የተጫወተ ሰው በ14 ቀን ውስጥ ገንዘቡን እንዲያስመልስ ይፈቅዳል። ይህ አሠራር ሠሪውን ጨዋታው ራሱ ጥሩ እንዲሆን ይገፋዋል።

ይሁንና ልዩነቱን መሣሪያው ላይ ብቻ መለጠፍ ስህተት ነው። ይዘቱ የማይታወቅ ሣጥን ካውንተር ስትራይክ ላይ የገባው በ2013 እ.ኤ.አ. በኮምፒውተር ነው። ዶታ 2 ለ2021 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ ውድድሩ ከ40 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሽልማት ያሰባሰበው በአብዛኛው ተጫዋቾች ከገዙት፣ ለተወሰነ ጊዜ ተጨማሪ ሽልማት ከሚያስገኝ የወቅት ማለፊያ ላይ ተቀንሶ በገባ ገንዘብ ነው። ቤልጅየም በ2018 እ.ኤ.አ. በገንዘብ የሚገዛ ሉት ቦክስ ቁማር ነው ስትል ከተጠቀሱት መካከል በኮምፒውተርና በኮንሶል የሚጫወቱ ታዋቂ ጌሞች ነበሩ። የሚወስነው የገንዘቡ መንገድ ነው። ስልክ ይህን መንገድ እጅግ ያመቻቸው ኪስ ውስጥ ስለሚውልና ኖቲፊኬሽን ስለሚልክ ነው።

የእኛው አገር ሠሪዎችም ከዚህ ግፊት ውጭ አይደሉም። ኩኩሉንና ገበታን የሠራው ቅኔ ጌምስ ለስልክ መሥራቱ የሚጠበቅ ነው፤ ሰዉ ያለው እዚያ ነው። ከእንግዲህ የሚመጡ የአገር ውስጥ ስቱዲዮዎች በማግስቱ የሚመለሰውን ብቻ እየቆጠሩ መሥራት ወይም አንዴ ተሽጦ የሚያልቅ ጨዋታ ማቅረብ ከሚሉት አንዱን መምረጥ ይኖርባቸዋል። አንዴ ለመሸጥ ቀላልና ርካሽ የአገር ውስጥ ክፍያ ያስፈልጋል፤ ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ ይህ ቢያንስ የሚታሰብ ነገር ሆኗል።

ሐዋሳ ላይ ሚዛኑን ያዘነበለው

የኮምፒውተር ጌም ሐዋሳ ላይ ለምን እንዳልተስፋፋ ለመረዳት ብዙ መራቅ አያስፈልግም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ኮምፒውተር ላይ ከባድ ጌም ለማስኬድ የሚያስፈልገው ግራፊክስ ካርድ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ነው። ትልልቆቹ የኮምፒውተር ጌሞች ከ100 ጊጋባይት በላይ ይመዝናሉ፤ ያንን በሞባይል ዳታ ማውረድ ለአብዛኛው ቤተሰብ የማይታሰብ ነው። መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩ ግጥሚያው መሀል ላይ ይቆማል፤ ስልክ በባትሪው ይቀጥላል። ዶርም ውስጥ ያለው ላፕቶፕ ላይ የሚገኘውም በአብዛኛው ኢንተርኔት የማይፈልግ፣ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ የተላለፈ የቆየ ጨዋታ ነው።

ስልኩ ግን ዋይፋይ ሳያስፈልገው በጥቅል ይሠራል። የሌሊት የኢንተርኔት ጥቅል ከቀኑ ርካሽ መሆኑ ራሱን የቻለ ውጤት አለው፤ ሁለት ብር ለማዳን የሚያስብ ልጅ ጨዋታውን ወደ እንቅልፍ ሰዓት ያዛውራል። ይህን ያደረገው ጌሙ አይደለም፤ የዋጋ አወጣጥ ነው። ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ያለው ፉክክር በጎ ነገር ነው፤ ኢትዮ ቴሌኮምም ሳፋሪኮምም የሌሊት ቅናሽ ለታዳጊ ምን እንደሚያደርግ ሊያስቡበት ይገባል።

የክፍያው ነገር ደግሞ ሌላ ነው። በብር ካርድ ከውጭ ኩባንያ በቀጥታ መግዛት አስቸጋሪ በመሆኑ የፐብጂው ዩሲና የፍሪ ፋየሩ ዳይመንድ የሚባሉት የጨዋታ ውስጥ ገንዘቦች በቴሌግራም ሻጮች በኩል በብር ይገዛሉ። ልጁ የአካውንቱን ቁጥር ይልካል፣ ገንዘቡን ያስተላልፋል፣ ይጠብቃል። ሻጩ ቢጠፋ አቤት የሚባልበት ቦታ የለም። በሌላ አገር ወላጅ በባንክ መግለጫው ላይ የሚያየው ወጪ እዚህ ከኪስ ገንዘብ ላይ ሳይታይ ይወጣል።

አንድ መረሳት የሌለበት ነገር አለ። ጌም ቤት የወንድ ልጆች ቦታ ነው፤ ሴት ልጅ ገብታ ተራ ስትጠብቅ ማየት ብርቅ ነው። ለከተማይቱ ሴቶች የጌምን በር የከፈተላቸው ስልክ ነው። "ስልኩን ንጠቁ" የሚለው መፍትሔ ለወንዱ ከመጫወቻዎቹ አንዱን፣ ለሴቷ ያላትን ብቸኛ መጫወቻ ይወስዳል።

ተመራማሪዎች የማይስማሙበት

የዓለም ጤና ድርጅት የጌም ሱሰኝነትን በበሽታዎች ዝርዝሩ ውስጥ አካቷል፤ ዝርዝሩ ሥራ ላይ የዋለው ከጥር 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው። ምልክት ተብለው የተቀመጡት ሦስት ናቸው፤ ጨዋታውን መቆጣጠር አለመቻል፣ ከሌላው ሕይወት ሁሉ ማስቀደም፣ ጉዳት እያመጣም መቀጠል። ይህ ደግሞ በተለምዶ 12 ወር ያህል የዘለቀ መሆን አለበት። የተወሰነ የሰዓት ቁጥር በትርጉሙ ውስጥ የለም። ፈተና ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ፍሪ ፋየር ያበዛ ልጅ በዚህ መለኪያ ሱሰኛ አይባልም።

ውሳኔውን የተቃወሙ ምሁራንም ነበሩ፤ ጭንቀት ወይም ድብርት ያለበት ልጅ ወደ ጌም ሲሸሽ ጌሙን በሽታ ማለት መነሻውን ይሸፍናል ብለው ተከራክረዋል። የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2022 እ.ኤ.አ. ወደ 39 ሺህ የሚጠጉ ተጫዋቾችን በኩባንያዎቹ በተመዘገበ ትክክለኛ የጨዋታ ሰዓት ተከታትለው፣ የሰዓቱ ማነስና መብዛት በደህንነት ስሜታቸው ላይ ያለው ተጽዕኖ ከቁጥር የማይገባ መሆኑን አሳይተዋል። ይበልጥ የሚያያዘው ሰውየው ወዶ ነው ወይስ ተገፍቶ ነው የሚጫወተው ከሚለው ጋር ነው። ጥናቱ የኮምፒውተርና የኮንሶል ጨዋታዎች ላይ ያመዘነ በመሆኑ፣ በኖቲፊኬሽን ለሚጠራ የስልክ ጌም እንዳለ መገልበጥ አይቻልም። ያም ሆኖ ከሰዓት ይልቅ "ማን ያስጀምረዋል" የሚለው ጥያቄ እንደሚበልጥ ያጠናክራል።

ወደ 12ኛ ክፍል ፈተናው ስንመለስ፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ሆነዋል። በእነዚህ ዓመታት ስልክ እየበዛ እንጂ እያነሰ አልሄደም። ይህ ጌም አይጎዳም የሚያሰኝ አይደለም። ነገር ግን የመምህር፣ የመጽሐፍና የፈተና አሰጣጥ ጉዳዮችን ትቶ ውድቀቱን ሁሉ ለጌም ማሸከም አያዋጣም።

ጌም ቤት ሲታሸግ ተጫዋቹ ወዴት ይሄዳል?

ለሕዝብ ቅሬታ የሚሰጠው ቀላሉ ምላሽ የሚታየውን መዝጋት ነው። ትምህርት ቤት አካባቢ ያለ ጌም ቤት ሲታሸግ ሁሉም ያየዋል። ሌሎች አገሮች ግን በዚህ መንገድ ሄደውበታል። ደቡብ ኮሪያ በ2011 እ.ኤ.አ. ከ16 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት የኮምፒውተር የኦንላይን ጌም እንዳይጫወቱ ከለከለች፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ሕጉን ለመሻር ስትወስን ከሰጠቻቸው ምክንያቶች አንዱ ልጆቹ ሕጉ ወደማይደርስበት ስልክ መዛወራቸው ነበር። ቻይና በ2021 እ.ኤ.አ. ለታዳጊዎች የኦንላይን ጌም ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድና በዓላት ማታ አንድ አንድ ሰዓት ብቻ ስትፈቅድ ስልኩንም አካታለች፤ ይህን ማድረግ የቻለችው እያንዳንዱ አካውንት ከመታወቂያ ጋር ስለተያያዘና ኩባንያዎቹ እጇ ላይ ስለሆኑ ነው። ሐዋሳ ላይ ሁለቱም የሉም።

ስለዚህ ፕሌይስቴሽን ቤቱ ቢታሸግ ልጁ ጌም አያቆምም፤ ተራ፣ ሒሳብ፣ የሚዘጋ በርና የሚያልፍ አጎት ካለበት ቦታ ተነስቶ አንዳቸውም ወደሌሉበት ስልክ ይገባል። ከማሸግ ይልቅ በትምህርት ሰዓት በሩ እንዲዘጋ፣ ዩኒፎርም የለበሰ እንዳይገባ፣ ማታ የሚዘጋበት ሰዓት እንዲወሰን ማድረግ የበለጠ ይሠራል። ይህን ለማስፈጸም ደግሞ ቀበሌው ከባለቤቶቹ ጋር አንዴ ቢቀመጥ ይበቃል።

ስልኩን በተመለከተ ወላጅ ሊያደርገው የሚችለው ነገር ከሚመስለው ይልቃል። ብዙዎቹ የአንድሮይድ ስልኮች ሴቲንግ ውስጥ ዲጂታል ዌልቢዪንግ የሚል ክፍል አለ። እዚያ ውስጥ ከሰዓቱ በተጨማሪ ስልኩ በቀን ስንት ጊዜ እንደተከፈተና ጌሙ ስንት ኖቲፊኬሽን እንደላከ ይታያል። ከልጅ ጋር ለመነጋገር ጥሩ መነሻ የሚሆኑት እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ናቸው፤ "ስንት ሰዓት ተጫወትክ?" የሚለው ጥያቄ ክርክር ሲያስነሳ፣ "ጌሙ ዛሬ ስንት ጊዜ ጠራህ?" የሚለው ግን ልጁን ራሱን ያስገርመዋል። ኖቲፊኬሽኑን መዝጋት አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ ጌሙንም አይከለክልም። ከዚያ በኋላ ልጁ ሲጫወት ቢገኝ ቢያንስ የጀመረው እሱ ነው፤ ማቆሚያውን አብሮት መወሰን ይቻላል፤ ከሁለት ግጥሚያ በኋላ ወይም ከእራት በፊት።